በቤት ውስጥ በመብራት አትክልት ማሳደግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎችና መልሶች ሰላጣን፣ በሶብላን፣ ናናን፣ ጦስኝን፣ ድንብላልን፣ ቦታና ብርሃን ካለም ቃሪያንና ቲማቲምን በቤት ውስጥ ለማሳደግ ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። አብዛኛው ጠያቂ ስለ ውሃና ስለ ማዳበሪያ ቢያነሳም፣ መልሱ ደጋግሞ ወደ ብርሃን ይመለሳል። በቤት ውስጥ ለተክል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጥረው ብርሃን ስለሆነ፣ ውሃውም ማዳበሪያውም ሙቀቱም መመጠን ያለባቸው ተክሉ በሚያገኘው ብርሃን ልክ ነው።

በመስኮት የሚገባው ብርሃን ብቻውን አይበቃም?

ቀኑን ሙሉ ለማለት ይቻላል ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት መስኮት ሥር ለተቀመጡ ጥቂት ተክሎች ሊበቃ ይችላል፤ ከመስኮቱ ራቅ ብለው ለሚቀመጡት ግን አይበቃም። ሰውን የሚያታልለው የገዛ ዓይኑ ነው። ዓይናችን ደብዘዝ ያለ ብርሃንን በቶሎ ስለሚለምድ፣ ለእኛ ብሩህ የሚመስለን ክፍል ለተክሉ ጭለማ ሊሆን ይችላል። ሰማይ ጥርት ባለበት ቀትር ላይ ከቤት ውጭ የሚገኘው ተክሎች የሚጠቀሙበት ብርሃን በአንድ ካሬ ሜትር በሰከንድ ወደ 2,000 ማይክሮሞል (የብርሃን ቅንጣቶች ብዛት የሚቆጠርበት መስፈሪያ) ሲጠጋ፣ በዚያው ሰዓት ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ገባ ብሎ ባለ ጠረጴዛ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ዐሥርታት አይበልጥም።

ብርሃን ያነሰው ተክል ምልክቱን አይደብቅም። ግንዱ እየቀጠነ ይረዝማል፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ መላ ተክሉም ወደ መስኮቱ ያዘነብላል። ይህን የሚያይ ሰው ተክሉ «ቶሎ አደገልኝ» ብሎ ሊደሰት ይችላል፤ ተክሉ ግን ያለ የሌለ ጉልበቱን ብርሃን ፍለጋ እየጨረሰ ነው። እንዲህ የተሳበ ችግኝ በኋላ ጥሩ ብርሃን ቢያገኝም የረዘመው ግንድ ተመልሶ አያጥርም፤ ስለዚህ ብርሃኑ ዘሩ ከበቀለበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ መዘጋጀት አለበት።

የመብራቱን ብርታት በምን ልለካው? ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ዋትና ሉመን አይበቃም?

ዋት የሚነግረን መብራቱ የሚበላውን የኤሌክትሪክ ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም። ሉመን ደግሞ የተሰላው ለሰው ዓይን ስለሆነ፣ ዓይናችን ለሚያደላለት ለአረንጓዴና ለቢጫ ብርሃን ከፍ ያለ ዋጋ ሲሰጥ ለቀዩና ለሰማያዊው ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ተክሎች ለብርሃን አስተፃምሮ የሚጠቀሙት የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሆነውን ብርሃን ነው፤ መጠኑም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ በሚያርፍ ማይክሮሞል ይለካል።

ከሰከንዱ ይልቅ የቀኑ ድምር ይጠቅማል። ሰላጣ በቀን ከ12 እስከ 17 ሞል ቢያገኝ ደህና ያድጋል፤ ቲማቲም ግን ፍሬ እንዲሰጥ ከተፈለገ ከ20 እስከ 30 ሞል ይሻል። ስሌቱ ቀላል ነው። ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 200 ማይክሮሞል ቢሆንና መብራቱ ለ16 ሰዓት ቢበራ፣ ሁለቱን አባዝቶ፣ እንደገና በ3,600 (በአንድ ሰዓት ውስጥ ባሉት ሰከንዶች) አባዝቶ፣ አንድ ሞል አንድ ሚሊዮን ማይክሮሞል ስለሆነ ውጤቱን ለአንድ ሚሊዮን በማካፈል የቀኑ ድምር 11.5 ሞል ገደማ መሆኑን ማግኘት ይቻላል፤ ይህም ለሰላጣ በቂ ወደሚባለው መጠን የሚጠጋ ነው። ያው መብራት ለ8 ሰዓት ብቻ ቢበራ ግን ድምሩ 5.8 ሞል ብቻ ይሆናል፤ በዚህ ብርሃን ሰላጣ በሕይወት ቢቆይም ቅጠሉ የሚቀጠፍ አይሆንም። ከዚህ ስሌት የሚገኘው ጠቃሚ ነገር ደከም ያለ መብራትን ረዘም ላለ ሰዓት በማብራት ጉድለቱን በከፊል ማካካስ መቻሉ ነው።

ምን ዓይነት መብራት ይሻላል?

ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ጥሩ ኤልኢዲ ይበቃል። ቀይና ሰማያዊ ተቀላቅለው ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡት መብራቶች ተክል ማሳደግ ቢችሉም፣ በእነሱ ሥር ሁሉም ቅጠል ጥቁር መስሎ ስለሚታይ የመገርጣትን፣ የነጠብጣብንና የተባይን ምልክት በጊዜ ለማየት ያስቸግራሉ። ተክሉን በየቀኑ በትክክለኛ ቀለሙ ማየት መቻል፣ በእኔ እምነት፣ ሐምራዊው መብራት ይቆጥባል ከሚባለው ኃይል የበለጠ ዋጋ አለው።

መብራት ሲመረጥ ሊጠየቅ የሚገባው በአንድ ዋት ምን ያህል ማይክሮሞል እንደሚሰጥ ነው። በዋት 2.5 ማይክሮሞል የሚሰጥ ባለ 100 ዋት መብራት በሰከንድ 250 ማይክሮሞል ያመነጫል፤ ወደ ጎን የሚባክነው ተቀንሶ ለአንድ ካሬ ሜትር ሰላጣ ወይም ቅመማ ቅጠል ይበቃል ማለት ነው። ይህ መብራት በቀን 16 ሰዓት ቢበራ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን ደግሞ 48 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ወጪውን ከመጀመርዎ በፊት በአካባቢዎ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ማስላት ይችላሉ። ዙሪያውን ነጭ ቀለም መቀባት ወይም ነጭ ሰሌዳ ማቆም ወደ ጎን የሚያመልጠውን ብርሃን ወደ ቅጠሉ ይመልሳል፤ ብዙ ሰው ችላ የሚለው፣ ወጪው ግን እጅግ አነስተኛ የሆነ ማሻሻያ ነው።

መብራቱ ከተክሉ ምን ያህል መራቅ አለበት?

አምራቹ የሰጠው ርቀት ካለ ከዚያ ይጀምሩ፤ ከሌለ ለመካከለኛ ኤልኢዲ ከቅጠሉ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተስማሚ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወስነው ተክሉ ነው። ግንዱ እየረዘመ ከሄደ መብራቱን ዝቅ ያድርጉት፤ ለመብራቱ የቀረቡት የላይኛው ቅጠሎች እየነጡ ወይም ወደ ውስጥ እየተጠቀለሉ ከመጡ ደግሞ ከፍ ያድርጉት። ተክሉ ሲያድግ ርቀቱ በራሱ ስለሚጠብ፣ መብራቱን በሚስተካከል ገመድ ወይም ሰንሰለት ማንጠልጠል ይበጃል።

ሌሊቱንም ሳላጠፋ ባበራው ቶሎ አያድግልኝም?

ጭለማም ለተክል ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ነው። ቲማቲም ያለማቋረጥ ለ24 ሰዓት ሲበራበት ቅጠሉ ቢጫ እየጣለ እንደሚጎዳ በሚገባ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል ብዙ ተክሎች የማበቢያ ጊዜያቸውን የሚለዩት በቀንና በሌሊት ርዝመት ነው። ይህን ጠባይ ዋይትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1920 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በትምባሆና በአኩሪ አተር ላይ ካደረጉት ምርምር ተነሥተው ገልጸውታል። ለቤት ውስጥ አሳዳጊ የሚተርፈው ትምህርት ሰላጣና ድንብላል ረዥም ቀንና ሙቀት ሲገጥሟቸው ቅጠል መስጠቱን ትተው ወደ አበባ የሚሮጡ መሆናቸው ነው፤ ሰላጣው በዚያን ጊዜ ይመርራል።

ለአብዛኞቹ ቅጠላ ቅጠሎች በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን፣ የቀረውን ጊዜ ጭለማ መስጠት ይስማማል። ድንብላል ቶሎ ቶሎ እያበበ ካስቸገረ ወደ 12 ሰዓት ዝቅ ማድረግና ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ ማዛወር ይረዳል። መብራቱን በእጅ ከማብራትና ከማጥፋት ይልቅ ታይመር ማሰር ይሻላል፤ ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ዓይነት ሲሆን ተክሉም አንድ ወጥ ሆኖ ያድጋል።

ውሃ በየስንት ቀኑ ላጠጣ?

ለዚህ ጥያቄ በቀን ቁጥር የሚሰጥ መልስ ሁሉ ያሳስታል። ተክል የሚጠጣው ብርሃን በሰጡት፣ ሙቀቱና የአየሩ ደረቅነት በፈቀደለት፣ ቅጠሉም በበዛ መጠን ነው። ትናንት የተተከለ ትንሽ ችግኝ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ሊበቃው ሲችል፣ ያው ተክል ቅጠሉ ከሰፋ በኋላ በየቀኑ ሊፈልግ ይችላል።

ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ የሚታመነው ክብደት ነው። ተክሉን ጥግብ አድርገው ካጠጡትና ትርፉ ውሃ ካንጠባጠበ በኋላ የመትከያ ዕቃውን በሁለት እጅዎ አንሥተው ክብደቱን ልብ ይበሉ፤ በማግስቱም እንደዚያው ያንሡት። ላዩ ገና እርጥብ ሲመስል ዕቃው ቀልሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሳለ ከሥሩ ግን ከብዶ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ጥቂት ጊዜ ከደጋገሙት እጅዎ ይለምደዋል፤ ዕቃው በግልጽ ሲቀልልዎ ያጠጣሉ። ለማንሣት የማይመች ትልቅ ዕቃ ከሆነ ጣትዎን ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር አስገብተው ደረቅ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሲያጠጡ ውሃው ከሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ በዝግታ ያጠጡ፤ ከሳህኑ ላይ የተጠራቀመውንም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይድፉት። ከላይ ከላይ ጥቂት በጥቂት ማርጠብ ሥሩ ወደ ታች እንዳይወርድ ያደርጋል። ውሃ የበዛበት ተክል የሚሞተው ውሃው መርዝ ሆኖበት ሳይሆን፣ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የነበረውን አየር ውሃው ስለሚተካውና ሥሩ ኦክስጅን አጥቶ ስለሚታፈን ነው፤ በታፈነው ሥር ላይም አበስባሽ ሻጋታዎች ይመጡበታል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ተክል ልክ እንደ ጠማው ተክል ይጠወልጋል። ስለዚህ የጠወለገ ተክል ሲያዩ ውሃ ከመቅዳትዎ በፊት ዕቃውን ያንሡት፦ ከባድ ሆኖ ካገኙት የሚያስፈልገው ውሃ ሳይሆን አየር ነው።

ውሃው ቶሎ እንዲወርድ ከሥር ጠጠር ማድረግ ይጠቅማል?

አይጠቅምም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር በቀላሉ ስለማይሻገር፣ ከታች ሊጠራቀም የነበረው እርጥብ ክፍል ከጠጠሩ በላይ ከፍ ብሎ ወደ ሥሩ ይቀርባል። የሚያስፈልገው ከሥር በቂ ቀዳዳ ያለው ዕቃና አየር የሚይዝ መትከያ አፈር ነው።

ከጓሮ አፈር ቆፍሬ ብጠቀምስ?

የጓሮ አፈር ሜዳ ላይ እያለ የምድር ትሎች፣ ሥሮችና ጥልቀቱ ራሱ አየር እንዲዘዋወርበት ያደርጉታል፤ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ግን በየውሃ ማጠጫው እየተጠቀጠቀ ይጠጥራል። የነፍሳት እንቁላል፣ የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስያንም ይዞ ይገባል። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ከኮኮናት ጭረትና ከፔርላይት ጋር የተቀላቀለበት ቀለል ያለ መትከያ ለቤት ውስጥ ይስማማል። ፔርላይት ነጭና ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውጤት ሲሆን ሥራው አየር መያዝ ነው፤ ሲቀላቀል አቧራው እንዳይተነፈስ አስቀድሞ ውሃ ይረጭበት።

ለሰላጣና ለቅመማ ቅጠል 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ሁለት ወይም ሦስት ሊትር መያዝ የሚችል ዕቃ ይበቃል፤ ቃሪያና ቲማቲም ግን 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ።

ዘሬ አልበቀለም ወይም በቅሎ ወደቀ፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ሙቀቱን ይመርምሩ። የቃሪያ ዘር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት በደንብ ሲበቅል፣ የሰላጣ ዘር ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆንበት እንቅልፍ ይዞት ይቀራል። የሰላጣ ዘር ለመብቀል ብርሃንም ስለሚረዳው በጣም ስስ በሆነ አፈር ብቻ ይሸፈን። በቅለው ሳለ ግንዳቸው ከአፈሩ ልክ ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ በአንድ ሌሊት የሚወድቁ ችግኞች በሻጋታ ነክ በሽታ የተያዙ ናቸው፤ እነዚህን ማዳን አይቻልም፤ የቀሩትን ለማትረፍ ግን ማጠጣቱን መቀነስ፣ ክዳን ካለ ማንሣትና አየር እንዲነካቸው ማድረግ ያስፈልጋል። ናናን ከዘር ከማፍላት ይልቅ ቅርንጫፉን ቆርጦ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ እጅግ ይቀላል፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ምን ጎድሎበት ነው?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚደጋገም ጥያቄ ነው፤ የሚሰጠው መልስም አብዛኛውን ጊዜ «ማዳበሪያ ጨምር» የሚል መሆኑ ያሳዝናል። ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት ሁለት ነገሮች መጣራት አለባቸው፦ ሥሩ በውሃ ታፍኖ እንደሆነና ብርሃኑ አንሶ እንደሆነ። ሥሩ የታመመ ተክል ማዳበሪያ በዙሪያው ሞልቶ ሳለ ሊወስደው ስለማይችል፣ የሚጨመርለት ጨው ሥሩን ይበልጥ ያቃጥለዋል። ተክሉን ቀስ ብለው ከዕቃው አውጥተው ሥሩን ቢያዩት መልሱን ያገኙታል፦ ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም መልክ ያለውና ጠንከር ያለ ሲሆን፣ የበሰበሰ ሥር ቡናማ ነው፤ በጣት ሲይዙት ላዩ ይላጣል፤ ሽታውም ደስ አይልም።

ሥሩ ደህና ከሆነ መገርጣቱ የጀመረው ከየትኛው ቅጠል እንደሆነ ይመልከቱ። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሺየምና ማግኒዚየም በተክሉ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወሩ ንጥረ ነገሮች ስለሆኑ፣ ሲያጥሩ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ ምልክቱ ከታች ይጀምራል። የታችኛው ቅጠል ሙሉ በሙሉ እኩል ከገረጣ ናይትሮጅን፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ብቻ ቢጫ ከሆነ ማግኒዚየም፣ ጠርዙ እንደተቃጠለ ከደረቀ ፖታሺየም ይጠረጠራል። ብረትና ካልሲየም ግን አንዴ ከገቡበት ቅጠል ስለማይወጡ እጥረታቸው የሚታየው በአዲሱ ቅጠል ላይ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ፣ መካከሉ ግን ወደ ነጭነት የተጠጋ ቢጫ ከሆነ ብረት እያገኘ አይደለም። ይህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ብረት ከአፈሩ ጠፍቶ ሳይሆን የፒኤች መጠኑ (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዳማነቱ ይቀንሳል) ከፍ ብሎ ብረቱ በማይሟሟ መልክ ስለታሰረ ነው።

ከሥር ያለ አንድ ወይም ሁለት አሮጌ ቅጠል በላይኞቹ ተጋርዶ ቢጫ ቢሆን ግን የሚያሳስብ አይደለም።

ማዳበሪያ መቼና ምን ያህል?

ኮምፖስት ያለበት መትከያ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ምንም አይፈልግም። ከዚያ በኋላ በውሃ የሚሟሟ የተሟላ ማዳበሪያ ማሸጊያው ካዘዘው በግማሽ አቅጥኖ በየሁለት ሳምንቱ መስጠት ለቅጠላ ቅጠሎች ይበቃል። ብርሃኑ አነስተኛ ከሆነ መጠኑም ከዚህ ያንሳል፤ ብርሃን የማያገኝ ተክል ምግብ የሚሠራበት ጉልበት ስለሌለው የማይጠቀምበት ጨው በአፈሩ ይከማቻል። በአፈሩ ላይና በዕቃው አፍ ዙሪያ የሚታየው ነጭ ቅርፊት የዚህ ክምችት ምልክት ነው። ይህ ሲታይ ማዳበሪያውን አቁሞ፣ የዕቃውን መጠን ሁለት እጥፍ በሚሆን ንጹሕ ውሃ አፈሩን ማጠብና በደንብ ማንጠፍጠፍ ይገባል።

የፒኤች መጠን ለመትከያ አፈር ከ6.0 እስከ 7.0፣ ያለ አፈር በውሃ ለሚያሳድጉ ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው መካከል ቢሆን አብዛኞቹን ንጥረ ነገሮች ተክሉ ሊወስዳቸው ይችላል። በውሃ የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን በየጊዜው መለካት አለባቸው፤ በአፈር ለሚያሳድጉት ግን ችግር ሲታይ ብቻ ቢለኩ ይበቃል።

የሰላጣዬ የውስጥ ቅጠሎች ጠርዛቸው ይጠቁራል፤ ካልሲየም ልጨምር?

በአብዛኛው አይረዳም። ከመሐል የሚወጡትን ለጋ ቅጠሎች በጣትዎ ገለጥ አድርገው ሲያዩ፣ ጠርዛቸው ላይ መጀመሪያ ቡናማ ነጥብ፣ በኋላም የተኮማተረ ጥቁር መስመር ያገኛሉ፤ የውጪዎቹ ሰፋፊ ቅጠሎች ግን ንጹሕ ናቸው። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከቅጠል በሚተነው ውሃ እየተሳበ ነው። በሌሎች ቅጠሎች የተሸፈነው የመሐል ቅጠል እርጥበት በታመቀ አየር ውስጥ ስለሚቀመጥ ውሃ አያተንም፤ ስለዚህ አፈሩ በካልሲየም ቢሞላም ወደ እሱ የሚደርስ የለም። መፍትሔው ቀስ ያለ አየር ከላይ ወደ መሐሉ እንዲነፍስ ማድረግ፣ ብርሃኑ በጣም በርትቶ ዕድገቱ ፈጥኖ ከሆነም ትንሽ መቀነስ ነው። ብርሃን የሚቀነስበት ብርቅ አጋጣሚ ይህ ነው። በቲማቲም ፍሬ ሥር የሚታየው ጥቁር መበስበስም የዚህ ዘመድ ነው፤ እዚያ ላይ ግን ዋናው ምክንያት አንድ ጊዜ ማስጠማት ሌላ ጊዜ ማጥለቅለቅ ነው።

ማራገቢያ የግድ ያስፈልጋል?

ለሁለት ለሦስት ተክሎች የግድ አይደለም፤ ብዙ ተክል በጠባብ ቦታ ላይ ለሚያሳድግ ሰው ግን ከመብራት ቀጥሎ የሚገዛ ዕቃ ነው። ቅጠሎቹ በለሆሳስ እስኪወዛወዙ ድረስ ብቻ የሚነፍስ አየር ግንዱን ያጠነክራል፣ በቅጠሉ ዙሪያ የታመቀውን እርጥበት ይበትናል፣ የሻጋታን ዕድል ይቀንሳል። በቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው አመዳይ ቅጠሉ ባይረጥብም የሚይዝ በሽታ ስለሆነ፣ ቅጠሉን ደረቅ ማድረግ ብቻውን አያስቀረውም፤ አየሩ መንቀሳቀስ፣ ተክሎቹም መራራቅ አለባቸው።

ሙቀትን በተመለከተ ሰላጣ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ፣ በሶብላ ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ይወዳል። በሶብላ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆንበት ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ብርድ ከሚያስገባ መስኮት ይራቅ።

ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ከአፈሩ ይነሣሉ፤ ሌሎች ተባዮችንስ እንዴት ልለይ?

ዝንቦቹ ራሳቸው ተክሉን አይጎዱም፤ እጮቻቸው ግን በላይኛው እርጥብ አፈር ውስጥ ሻጋታና ለጋ ሥር ይበላሉ። መኖሪያቸው ከላይ ያለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ስለሆነ፣ በሁለት ማጠጫዎች መካከል ይህን ክፍል ማድረቅ ዘራቸውን ይቀንሳል። ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት የሚበሩትን ይይዛል። የሚቆይ ውጤት ለማግኘት ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ኢስራኤለንሲስ የተባለው ባክቴሪያ በማጠጫ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ቢሰጥ እጮቹን ይገድላል። አንድ ትውልድ ተጠናቆ ሌላው እስኪተካ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ በሳምንት ውስጥ አልጠፉም ብሎ መተው አይገባም።

ክሽክሽ በለጋው ጫፍና በቅጠሉ ሆድ ላይ ተጠጋግቶ ይታያል፤ የሚያጣብቅ ፈሳሽም ይተዋል። ቀይ ሸረሪት ግን በዓይን አይያዝም ለማለት ይቻላል። ቅጠሉ ላይ በመርፌ ጫፍ የተነካካ የሚመስል ቢጫ ነጠብጣብ ካዩ፣ ነጭ ወረቀት ከሥር ይዘው ቅጠሉን መታ መታ ያድርጉት፤ ወረቀቱ ላይ የወደቀው አቧራ መሳይ ነገር መንቀሳቀስ ከጀመረ እሱ ነው። ደረቅና ሞቃት አየር ሲያገኝ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመራባት አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ ስለዚህ አንድ ቀን መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል።

ለሁለቱም የመጀመሪያው እርምጃ የቅጠሉን ሆድ በውሃ ማጠብ ነው። ካልበቃ ለተክል የተዘጋጀ የፖታሺየም ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር በጥብጦ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ቅጠሉ ከላይም ከታችም እስኪረጥብ መርጨትና በየአምስት ቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ይገባል። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሾች ቅጠል ሊያቃጥሉ ስለሚችሉ ባይሞከሩ ይሻላል። አዲስ የገዙትን ወይም በስጦታ ያገኙትን ተክል ከሌሎቹ ለይተው ለሁለት ሳምንት ማቆየት ግን ከርጭት ሁሉ ይበልጣል።

ቃሪያዬና ቲማቲሜ ያብባሉ፤ ፍሬ ግን አይዙም።

በቤት ውስጥ ነፋስም ንብም የለም። የሁለቱም አበባ ወንዴና ሴቴ ክፍል በአንድነት ስላለው ሌላ ተክል አያስፈልገውም፤ የአበባው ዱቄት እንዲረግፍ ግን መንቀጥቀጥ አለበት። አበባው በተከፈተባቸው ቀናት ቀትር አካባቢ ግንዱን በጣት መታ መታ ማድረግ ወይም የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽን ከአበባው ጀርባ ለጥቂት ሰከንድ ማስጠጋት ይበቃል። ይህ ተደርጎም አበባው ከረገፈ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ወይም ሌሊት ከ13 ዲግሪ በታች እየሆነ እንደሆነ ይመርምሩ፤ ሙቀቱም ደህና ከሆነ ወደ ብርሃኑ ስሌት ይመለሱ። በ12 ሞል ሰላጣ ይበቅላል፤ ቲማቲም ግን አበባውን ይጥላል።

ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ቦታ ሲሆኑ ምን ልጠንቀቅ?

የሶኬት ማከፋፈያውን ከመትከያ ዕቃዎቹ ከፍ አድርጎ ግድግዳ ላይ ማሰር፣ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲንጠለጠል ማድረግ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ከተንጠለጠለበት ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። ሲያጠጡና ሲረጩ መብራቱን ያጥፉ፤ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከሚችለው በላይ ዕቃ አይሰኩ። መብራቱ በሁለት ገመድ ቢታሰር አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። የተክሎችን ዕድገት ያፋጥናል በሚል በቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ ሊታሰብ የማይገባው ነው፤ ከሚገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሰው የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል።

መቼና እንዴት ልቀንጥስ?

ሰላጣ የውጪዎቹ ቅጠሎች አንድ እጅ ያህል ሲረዝሙ፣ መሐሉ ሳይነካ፣ ከዳር ከዳር እየተቀነጠሰ ለብዙ ሳምንታት ሊበላ ይችላል። በሶብላ ግን ቅጠል በቅጠል መልቀም ይጎዳዋል። ከሥር ቆጥረው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥንድ ቅጠል ካለበት አንጓ ከፍ ብለው ግንዱን ይቁረጡት፤ በቅጠሎቹ ብብት ውስጥ ያሉት ሁለት ቡቃያዎች ተነሥተው አንዱ ግንድ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም ሲቆረጡ አራት ይሆናሉ። የአበባ እንቡጥ ሲታይ ወዲያውኑ መቀንጠስ ቅጠሉን ያበዛል። በአንድ ጊዜ ከተክሉ አንድ ሦስተኛ በላይ አይውሰዱ።

ቅጠላ ቅጠሎች በደካማ ብርሃን ሲያድጉ ከአፈሩ የወሰዱትን ናይትሬት ወደ ፕሮቲን ሳይለውጡ በቅጠላቸው ስለሚያከማቹ፣ መብራቱ ለብዙ ሰዓታት ከበራ በኋላ መቀንጠስና ከመቀንጠስ በፊት ባለው ሳምንት ማዳበሪያ አለመስጠት ይመረጣል።

ተክሉ ካለቀ በኋላ አፈሩን መልሼ ልጠቀምበት?

ተክሉ በሥር መበስበስ ወይም በቅጠል በሽታ የሞተ ከሆነ አፈሩ ወደ ቤት ውስጥ መትከያ አይመለስ፤ ዕቃውም በሳሙና ታጥቦ፣ በቀጠነ በረኪና ተነክሮ፣ በደንብ ይለቅለቅ። ተክሉ ጤነኛ ሆኖ ዘመኑን ጨርሶ ከሆነ ግን ትልልቁን ሥር ለቅሞ፣ የተጠራቀመውን ጨው በውሃ አጥቦ፣ ሩብ ያህል አዲስ ኮምፖስትና የጎደለውን ፔርላይት ጨምሮ እንደገና መትከል ይቻላል። ቲማቲም የነበረበትን አፈር ለቃሪያ አይስጡት፤ አንድ ዘመድ ስለሆኑ በሽታቸውን ይጋራሉ፤ ሰላጣ ወይም ድንብላል ይዝሩበት።